«ኪኒኑን ትቼ በተልባ አይሆንም?» ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ተፈጥሮ መፍትሔዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከሞረትና ጅሩ ለሕክምና ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ላብራቶሪውን ጨርሶ፣ ማዘዣውን ይዞ መድኃኒት ቤት ይገባል። ኪኒኑን ከመቀበሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ይሄን ሳልጀምር በተፈጥሮ ነገር ማውረድ አይቻልም?» ጥያቄው የሚያስወቅስ አይደለም። ዕድሜ ልክ ኪኒን መዋጥ ማን ይወዳል? ከዚህ በታች ያሉት በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በብዛት የሚሰሙ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ሐኪምዎን አይተካም። ሐኪምዎ ጋ ሲገቡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ግን ይጠቁማል።

ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ምንም አያመኝም እኮ። እውነት ይሆናል?

ይሆናል። ኮሌስትሮል ራስ አያሳምምም፣ አያዞርም፣ አያቃጥልም። «ኮሌስትሮሌ ሲነሳብኝ ማጅራቴን ይይዘኛል» የሚል ሰው ሞልቷል። ማጅራቱን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ኮሌስትሮል ዝም ብሎ ለዓመታት የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚከማች ነገር ነው። ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ምልክት ራሱ ሃርት አታኩ ወይም ስትሮኩ ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለት እዚህ ላይ መለኪያ አይሆንም። መለኪያው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች የቱን ልይ?

ኤልዲኤል የሚለውን። መጥፎው የሚባለው እሱ ነው። ከ100 በታች ከሆነ መልካም፤ ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ፤ 190ና ከዚያ በላይ በጣም ከፍተኛ ነው። ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከ200 በታች፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ ደግሞ ከ150 በታች ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። ኤልዲኤላቸው እኩል 150 የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ኪኒን ሊታዘዝለት፣ ሌላው «አመጋገብህን አስተካክልና ተመለስ» ሊባል ይችላል። ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ በቤተሰብ ያለ የልብ ሕመም አብረው ይታያሉ። ጎረቤትዎ ያልታዘዘለትን እርስዎ ለምን እንደታዘዘልዎት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

እሺ፣ ከተፈጥሮው የትኛው ነው በእውነት የሚሠራው?

ሰዎች ይህን ሲጠይቁ ከሩቅ አገር የመጣ ዱቄት እንድጠራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምጠራው ገብስን ነው።

ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር አለ። አንጀት ውስጥ ሲገባ እንደ ሙጫ ይወፍርና ከጉበት የመጣውን ሐሞት ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ ኤልዲኤልም ይወርዳል። የሚፈለገው መጠን በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ይህ ከ60 እስከ 80 ግራም ደረቅ ገብስ ውስጥ ይገኛል፤ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ደህና ሰሃን ቂንጬ በሉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምግቦች ላይ የልብ ሕመም ተጋላጭነትን ሊቀንሱ እንደሚችሉ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞ ደስ የሚለው፣ የገብስ ቤታ ግሉካን ገለባው ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በፍሬው ውስጥ ተሰራጭቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ገብሱ ቢፈተግም ጥቅሙ አይጠፋም።

«ታዲያ እኛ ገብስ እየበላን አይደል ያደግነው?» ይላል የመንዝ ሰው። ልክ ነው። ነገሩ ያለው አብሮት በሚመጣው ላይ ነው። ገንፎው መሐል የተቆፈረችው ጉድጓድ በቅቤ ከሞላች፣ ገብሱ ያወረደውን ቅቤው ይመልሰዋል። በሶውም በቅቤ ታሽቶ ከሆነ እንደዚያው። ጠላ ደግሞ አይቆጠርም፤ ገብሱ ብቅል ሲሆን ቤታ ግሉካኑ ይፈራርሳል። ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ከገብስ ቀጥሎ ተልባ ነው። ጥናቶቹ ላይ በብዛት የተሞከረው በቀን 30 ግራም ያህል የተወቀጠ ተልባ ነው፤ ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል። ተወቅጦ የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት። ሙሉውን ፍሬ የዋጠ ሰው ሙሉውን ፍሬ ያወጣዋል፤ የተልባ ፍሬ ቅርፊት አንጀት ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም። ሲወስዱት በቂ ውኃ ይጠጡበት። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቁት፤ ያ የሚያዳልጠው ፈሳሹ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ይችላል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርም እዚሁ ይገባሉ። በየቀኑ አንድ ሰሃን ጥራጥሬ የሚበላ ሰው ኤልዲኤሉ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለሞረትና ጅሩና ለምንጃር ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ነጭ ሽንኩርትስ? አብሽስ? ጥቁር አዝሙድስ?

ነጭ ሽንኩርት ስሙ ከሥራው ይበልጣል። አንዳንድ ጥናት ትንሽ ያወርዳል ይላል፣ ሌላው ምንም አላገኘበትም። ወጥዎ ውስጥ ይቀጥል፤ መድኃኒት ብለው ግን አይመኩበት።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ በትንንሽ ጥናቶች ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይተዋል። ሁለቱም የደም ስኳርን ዝቅ የማድረግ ጠባይ አላቸው። የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከላይ አብሽ ሲጨምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ሳይነግሩ አይጀምሩ።

ማርና ሎሚ በባዶ ሆድ? አያወርድም። ማር ስኳር ነው። ሽፈራው፣ ማለትም ሞሪንጋ፣ ጥሩ ቅጠል ነው፤ በሰው ላይ ኮሌስትሮልን እንደሚያወርድ የሚያሳምን ጠንካራ ማስረጃ ግን የለውም።

ከውጭ የሚመጡት የታሸጉ ሰፕሊመንቶችስ? ዘመድ ልኮልኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ፈተኑት። 200 ያህል ሰዎችን በቡድን ከፋፍለው ለአንዱ ቡድን ሮሱቫስታቲን የተባለውን ኪኒን በትንሹ መጠን፣ 5 ሚሊግራም ብቻ ሰጡ። ለሌሎቹ የዓሣ ዘይት፣ ቀረፋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ የዕፅዋት ስቴሮልና ቀይ የእርሾ ሩዝ (በቀይ ሻጋታ የተብላላ ሩዝ) ለየቡድኑ አንድ አንድ። ለአንዱ ቡድን ደግሞ ምንም የሌለበት ባዶ ኪኒን። ከ28 ቀን በኋላ የሮሱቫስታቲኑ ቡድን ኤልዲኤል 38 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ስድስቱም ሰፕሊመንቶች ከባዶው ኪኒን የሚለይ ቅነሳ አላሳዩም። ነጭ ሽንኩርት የወሰዱት እንዲያውም ጨምሮባቸዋል።

28 ቀን አጭር ነው የሚል ሊኖር ይችላል፣ ክርክሩ ተገቢ ነው። የዕፅዋት ስቴሮል በሌሎች ጥናቶች በቀን 2 ግራም ሲወሰድ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲያወርድ ታይቷል። የዓሣ ዘይት ደግሞ ከድሮም ሥራው ትራይግሊሰራይድ ላይ ነው፣ ያውም በከፍተኛ መጠን ሲታዘዝ። ለኤልዲኤል ብለው የገዙት ከሆነ ገንዘብዎን ነው ያወረዱት።

ቀይ የእርሾ ሩዝ ግን ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሞናኮሊን ኬ የሚባለው ነገር በበቂ መጠን ካለበት ይሠራል፤ የሚሠራበት ምክንያት ግን ያስገርማል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ከአንድ ሻጋታ ኮሌስትሮል እንዳይመረት የሚያግድ ንጥረ ነገር አገኘ። ሐኪሞች ለኮሌስትሮል የሚያዙት የስታቲን ኪኒኖች ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ለገበያ የተፈቀደው ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። ቀይ የእርሾ ሩዝ ውስጥ ያለው ሞናኮሊን ኬ ደግሞ ከዚሁ ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ «ስታቲን አልፈልግም፣ የተፈጥሮውን ስጡኝ» ብሎ ይህን የሚገዛ ሰው ያው ስታቲን እየወሰደ ነው። ልዩነቱ መጠኑን ማንም አለማወቁ ነው፤ አንዱ ዕቃ ውስጥ ብዙ፣ ሌላው ውስጥ ከነአካቴው ላይኖር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ገደብ አስቀመጠ። በ2024 ደግሞ ጃፓን ውስጥ የቀይ እርሾ ሩዝ ሰፕሊመንት የወሰዱ ብዙ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ምርቱ ከገበያ ተሰብስቧል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ስታቲን መውሰድዎ ካልቀረ መጠኑ የተጻፈበትን ይውሰዱ።

የተፈጥሮ ከሆነ ቢያንስ ጉዳት የለውም አይደል?

ጓያም የተፈጥሮ ነው። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን እንደሚችል የእኛ አገር ገበሬ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

በተለይ እነዚህ ሰዎች ይጠንቀቁ። በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ወይም አስፒሪን ላይ ያለ ሰው፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ የዓሣ ዘይትና አብሽ በብዛት ሲጨምርበት መድማት ሊከተል ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለትም እንዲሁ። ምግብ ውስጥ የሚገባው ትንሽ መጠን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው በማንኪያና በእንክብል የሚወሰደው ነው።

ሁዳዴ ላይ አንድ ዱቄት ጀምሬ ኮሌስትሮሌ ወረደ። ይህ ማስረጃ አይሆንም?

የወረደው በዱቄቱ ነው ወይስ በጾሙ?

ይህ ጥያቄ በአካባቢያችን ያለውን ግራ መጋባት ግማሹን ይፈታል ብዬ አምናለሁ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ሽሮ፣ ምስርና ቆሎ ነው። የሚረጋው ስብ እንዲህ ሲቋረጥ ኤልዲኤል በሳምንታት ውስጥ ዝቅ ይላል። ጥር ላይ የተመረመረ ሰው ጾሙ ሲገባ ዱቄቱን ጀምሮ ሆሳዕና ሰሞን ቢመረመር ቁጥሩ ወርዶ ያገኘዋል። ምስጋናው ለዱቄቱ ይሄዳል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ዶሮ ወጡ፣ የመንዝ በጉ፣ ቅቤው። ሰኔ ላይ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ያኔ ደግሞ «ዱቄቱ ስላለቀብኝ ነው» ይባላል።

የስታቲን ኪኒን የሚወስድ ሰውም በዚሁ ይሸወዳል። ጾም ላይ ቁጥሩ ሲያምርለት ኪኒኑን ያቆማል፣ ፍስክ ላይ ሁለቱም ይጎድሉበታል።

ጾሙ ራሱ ጥሩ ነው፤ በዘይት የተጠበሰና ስኳር የበዛበት ካልሆነ። ልብ ይበሉ እንጂ ምርመራዎን ሲያወዳድሩ የጾም ወረቀት ከጾም ወረቀት፣ የፍስክ ከፍስክ ጋር ይሁን።

ገብሱ፣ ተልባው፣ ምስሩ ሁሉ ተደምሮ ኪኒኑን አያህልም?

ሒሳቡን አብረን እናስላ። ኤልዲኤል 160 ይሁን። ገብስ ብቻውን ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢያወርድ ወደ 150 ይመጣል። ቅቤን መቀነስ፣ ጥራጥሬና ተልባ ሲጨመርበት፣ ጠንክሮ የያዘ ሰው ወደ 135 ሊያደርሰው ይችላል። መካከለኛ መጠን ያለው ስታቲን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳል፤ 160ው ከ112 እስከ 80 ይደርሳል ማለት ነው።

ስለዚህ መልሱ ሰዉን ይመስላል። ወጣት ነዎት፣ ግፊትም ስኳርም የለም፣ ኤልዲኤልዎ 145 ነው? ምግቡ ሊበቃዎት ይችላል። ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ያጋጠመዎት፣ የስኳር ሕመም ኖሮብዎት 40 ዓመት ያለፈዎት፣ ወይም ኤልዲኤልዎ 190 የደረሰ ከሆኑ ግን በምግብ ብቻ እሞክራለሁ ማለት ጊዜ ማቃጠል ነው። 190 ያለፈ ቁጥር በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል፤ በዘር የሚወረሰው ዓይነት ከ250 እስከ 300 ሰው ውስጥ አንዱ ላይ ይገኛል። በዘር የወረሰው ሰው በዓመት 365 ቀን ቢጾምም ጉበቱ ኤልዲኤልን ከደም በደንብ አያጸዳም። ልጆቹም ይመርመሩ።

ኤልዲኤል በ39 ነጥብ በወረደ ቁጥር የሃርት አታክና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ኪኒኑ የሚታዘዘው ለቁጥሩ ተብሎ አይደለም፣ ለዚህ ነው።

ኪኒኑ ጉበት ይጨርሳል፣ ጡንቻ ያሳምማል ይባላል።

ጉበት ይጨርሳል የሚለው ወሬ ነው። የጉበት ምርመራ ላይ ትንሽ ከፍ ማለት በጥቂት ሰዎች ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ስኳርን በትንሹ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ስኳርዎን ይለኩ።

የጡንቻ ሕመምም እውነት አለ። ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። እንግሊዝ አገር ስታቲን አሞን አቋረጥን ያሉ 60 ሰዎች አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ባዶ ኪኒን፣ አንድ ወር ምንም ሳይወስዱ እየተቀያየሩ ሕመማቸውን እንዲመዘግቡ ተደረገ። በስታቲኑ ወር ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በባዶው ኪኒን ወርም ተሰምቷቸዋል። ውሸታቸውን አልነበረም፤ ሕመሙ ተሰምቷቸዋል፣ ምንጩ ግን በአብዛኛው መድኃኒቱ አልነበረም። ካመመዎት ዝም ብለው አይጣሉት፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ስታቲን መቀየር ይቻላል። ጡንቻዎ በጣም ዝሎ ሽንትዎ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ግን ኪኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚከሰት፣ ሲከሰት ግን ኩላሊት ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም አይናገረውም። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አብሮ አይወሰድም፤ ከአቶርቫስታቲን ጋርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጨጓራ ሲታከሙ «የኮሌስትሮል ኪኒን እወስዳለሁ» ይበሉ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ዘይት ልቀይር?

የሚረጋ ከሆነ አዎ። የደብረ ብርሃን ብርድ እዚህ ላይ ጥሩ መርማሪ ነው፤ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከረጋ ብዙውን ጊዜ ፓልም ነው፣ ግማሹ የሚረጋ ስብ። ኑግና ሱፍ ይሻላሉ። ውድ ነው ከተባለ መጠኑን መቀነስ ነው።

ቡናስ?

ወረቀት ሳይጠለልበት የሚፈላ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለው፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። የጀበና ቡናችንም ከዚሁ ጎራ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋትም ማታም ከሆነ ቁጥርዎ ላይ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ስኒ ጠጥቶ መነሣትን እንጂ መተውን አልመክርም፤ ብመክርስ ማን ይሰማኛል።

አንገቴ ላይ እንቅርት አለ። ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ኤልዲኤል ይጨምራል። እንቅርት ያለበት ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በተለይ ብርድ የማይችሉ፣ የሚደክምዎትና ክብደት የሚጨምሩ ከሆነ ግን የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። መነሻው እሱ ከሆነ ዕጢው ሲታከም ኮሌስትሮሉም አብሮ ሊወርድ ይችላል።

በምግብ ልሞክር ብዬ ወስኛለሁ። እንዴት ላድርገው?

ከላይ ከጠቀስኳቸው አደገኛ ሁኔታዎች ውስጥ ከሌሉ፣ ለሐኪምዎ ነግረው ሦስት ወር ይስጡት። ሁሉንም አንድ ላይ አይጀምሩ፤ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። ገብሱን፣ ጥራጥሬውንና ቅቤ መቀነሱን ያስቀድሙ፣ አረቄም ይቀንሱ፤ አልኮል ትራይግሊሰራይድን ያወጣዋል። ከተቻለ መጀመሪያ በተመረመሩበት ላብራቶሪ ይመርመሩ። የድሮውን ወረቀት አይጣሉ። የሚወስዱት ዱቄት ወይም እንክብል ካለ ዕቃውን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ «አንድ አረንጓዴ ነገር» ብሎ ለሐኪም ማስረዳት አይቻልም።

ኪኒኑን ጀምሬ አቁሜው ነበር። አሁን ልመለስበት?

ካቆሙ ሳምንታት ካለፉ ኤልዲኤልዎ ወደነበረበት ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስታቲን የሚሠራው እየተወሰደ ሳለ ብቻ ነው። ለምን እንዳቆሙ በግልጽ ይናገሩ፤ ዋጋው ከሆነ ዋጋው፣ ሕመሙ ከሆነ ሕመሙ፣ ጠበል ስለጀመሩ ከሆነም ጠበሉ። ኪኒኑን ለጠበል ብሎ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ብዙ አባቶችም መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ተጠመቁ ይላሉ። ዋጋው ከብዶዎት ከሆነ ደግሞ የንግድ ስሙን ትተው በመድኃኒቱ ስም፣ አቶርቫስታቲን ብለው ይጠይቁ፤ የተለያየ አገር ምርት ስላለ ዋጋውም ይለያያል።